ኳሱን የሚያንኳኳው ልጅ

«ዝም በሉ፣ ልጁ ነው!» አለች ፋና፣ ስልኩን ከጠረጴዛው ላይ አፈፍ አድርጋ።

ካርታ ይጫወቱ የነበሩት ወንዶች ካርታቸውን ጉልበታቸው ላይ ደፉ። ምድጃው ላይ የቡና ማፍያው ሞካ መንፈቅፈቅ ጀምሮ ነበርና ጽገወይኒ ሮጣ እሳቱን አጠፋች፤ በዚያው ተመልሳ ከየሺወርቅ ራስ ላይ ጥቁሩን ሻሽ ገፈፈችና አበባ ያለበትን አሰረችላት። ጽገወይኒ ላይኛው ፎቅ የምትኖር ጎረቤት ናት፤ ከቀብሩ ወዲህ ይህን ሥራ ተክናበታለች። የሺወርቅም የራሷን ድርሻ ሠራች። የባሏ የይርጋ ፎቶና ሻማው ከጀርባዋ እንዳይታዩ ወንበሯን አዞረች። ጥቁር ቀሚሷ እንዳይታይ ደግሞ ነጠላዋን እስከ አንገቷ ስባ ተከናነበች፤ ጥለቱ አገጯ ሥር መጣ።

«ሳቂ እንጂ እማዬ» አለች ፋና በሹክሹክታ።

ሳቀች። ምን ታድርግ።

«ቻኦ ኖና!» ሰርፀ አያቶቹን በጣሊያንኛ ነው የሚጠራቸው። ስልኩን ፊቱ ላይ አስጠግቶ ስለያዘው አፍንጫውና ጥርሱ ብቻ ይታያል። «ስሜ ወጣ! ነገ እገባለሁ። አሰልጣኙ አሁን ነገረኝ።»

የሺወርቅ እልል አለች። ባሏን ከቀበረች ሳምንት ያልሞላት ሴት፣ ለቅሶ የተቀመጡ ሰዎች መሐል፣ እልል አለች። የሠፈሩ ሽማግሌ አቶ ገብረወልድ ባርኔጣቸውን አንስተው መልሰው አደረጉት፤ ሌላ የሚያደርጉት ጠፍቷቸው ነው።

«ኖኖስ?» አለ ልጁ።

«ተኝቷል።»

«አሁንም?»

«መድኃኒቱ ነው የሚያስተኛው።»

ሰርፀ ስልኩን ከፊቱ ራቅ አድርጎ ትክ ብሎ ተመለከታት። «ቫ ቤኔ፣ እሺ» አለ በመጨረሻ። «ሳሚልኝ።»

ስልኩ እንደተዘጋ አበባውን ሻሽ ከራሷ ላይ መንጭቃ ወረወረችው። «ተኝቷል አልኩት» አለች። «ፕሪማ ፖርታ መቃብር አፈር አልብሼው መጥቼ፣ ተኝቷል አልኩት!»

«አልዋሸሽም የሺ» አለች ጽገወይኒ ጥቁሩን መልሳ እያሰረችላት። «እውነቴን ነው። ተኝቷል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰርፀ የፋና ልጅ ነው፤ ተወልዶ ያደገው እዚሁ ሮም፣ ኤስኲሊኖ ሠፈር፣ በዚህ ቤት ነው። ፋና አውስትራሊያ ከሚኖር ሰው ጋር ትዳር ይዛ ሜልቦርን ስትገባ ልጇንም ይዛው ሄደች። እዚያ ልጁ ኳስ ጀመረ። ኳስ ሲባል ግን እኛ የምናውቀው ኳስ አይደለም። ሞላላ ናት፤ በእጅም በእግርም ነው፤ የሰው ትከሻ ላይ እየወጡ ከሰማይ የሚቀልቧት የአውስትራሊያውያን የራሳቸው ጨዋታ ነው። በዓመት አንዴ ክለቦቹ ተራ በተራ ወጣት ይመርጣሉ፤ ድራፍት ይሉታል። የጠራህ ክለብ ጋ ነው የምትሄደው፣ ወደድክም ጠላህም። ሰርፀን የጠራው በአገሩ በሌላው ጫፍ ያለ የፐርዝ ክለብ ነበር። እናም የይርጋ ልብ እዚህ ሮም ድንገት ቀጥ ስትል፣ ሜልቦርን ላለችው ፋና የቤተ ክርስቲያን ሰዎች በማለዳ በሯን አንኳኩተው አረዷት። ፐርዝ ላለው ልጅ ግን ማንም አልነገረውም። «ኖኖ ታሟል፣ ላየው ልሂድ» ብላው ነው እናቱ አውሮፕላን ላይ የወጣችው።

«ያቺን የመጀመሪያ ጨዋታውን ይጫወት» አለች ፋና አሁንም፣ ማንም ሳይጠይቃት። «ከዚያ እኔው ሄጄ፣ ሽማግሌ ይዤ አረዳዋለሁ። አሁን ብንነግረው ሁሉን ጥሎ ይመጣል። ጥሎ ከመጣ ደግሞ ቦታውን ሌላ ይወስድበታል። እነሱ ሰው አይጠብቁም።»

የሺወርቅን ይህ ነገር አልተዋጠላትም። የምታውቀው ነገር ነውና። ፋናን አርግዛ፣ የመኖሪያ ፈቃዷ ፔርሜሶ ሳይወጣ፣ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አካባቢ ሆቴል ለሆቴል አንሶላ ስትቀይር በነበረበት ጊዜ እናቷ አገር ቤት አረፉ። ይርጋ ሰማ፤ እሷ አልሰማችም። «እንዴት ናት እናቴ?» ስትለው «ደህና ናቸው፣ ሰላም ብለውሻል» ይላታል። ሆዷ ገፋ፣ ወለደች፣ ከአራስ ቤት ወጣች፣ ልጅቷ ክርስትና ተነሣች። ከዚያ በኋላ ነው የነገራት። የከፋት የእናቷ ሞት ብቻ አልነበረም። ሰው ሁሉ ሲያዝን እሷ ስትስቅ መክረሟ ነው አንጀቷን የበላት። ለብዙ ጊዜ ባሏን በአፏ እንጂ በልቧ አላናገረችውም። ኋላ ላይ የገበያ ጓደኞቹ ሲያወሩ ሰማች፤ ለካ ይርጋ ያን ሰሞን በየማለዳው ገበያው ውስጥ ከፍሬ ሣጥኖቹ ጀርባ ሄዶ ስለ አማቱ እያለቀሰ፣ ፊቱን በቧንቧ ውኃ እየታጠበ ነበር ቤት የሚገባው። ያን ስትሰማ ነው ይቅር ያለችው።

«ሆዴ ውስጥ ሆነሽ በአንቺ ምክንያት አታለሉኝ» አለቻት ፋናን። «አሁን ደግሞ ወጥተሽ አንቺው ታታልያለሽ።»

«አንቺን አይደለም እኮ።»

«ማን ነው ታዲያ በየቀኑ ሻሽ የሚቀይረው?»

አቶ ገብረወልድ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «መርዶ ወግ አለው። በጠዋት ነው፣ በሰው ነው፣ ተቀምጦ ነው። በስልክ የሚነገር መርዶ ሰው ይገድላል። ልጅቷ ልክ ናት፣ የሺ።»

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ጋሼ። ሲጠራ ያ ልጅ ምን ይለኛል? ‹ኖና፣ ስትስቂልኝ ነበር› ይለኛል። ‹እልል ስትዪ ነበር› ይለኛል። ያን ጊዜ እርስዎ መጥተው ይመልሱልኛል?»

ጽገወይኒ ሞካውን መልሳ ጣደችው።

ወሬውን ወደ ኳስ የመለሰው ሙላው ነው። ሙላው አዲስ መጥቶ ከከተማው ዳር ፖንቴ ማሞሎ ሜዳ ላይ በድንኳን ሲያድር፣ ይርጋ ከገበያ የተረፈ ፍሬ በሜትሮ እየጫነ ያደርስለት ነበር። አሁን በብስክሌት ምግብ ያደርሳል፤ ስለ ኳስ ደግሞ እሱ ሳይተቸው ያለፈ እግር የለም።

«እስቲ የክለቡ ደጋፊዎች ምን ይላሉ ስለ ልጁ?»

ፋና ደጋፊዎቹ የሚጻጻፉበትን ገጽ ከፍታ እየተረጎመች አነበበችላቸው። «‹እግሩ የሽመላ እግር ነው› ይላል አንዱ። ‹ክረምቱን ሙሉ ፓስታ አብሉት።›»

«ባለጌ!» አለች ጽገወይኒ። «ያ ልጅ እዚህ ስንት ኪሎ ፓስታ ጨርሷል!»

«‹ዝላዩ የጉድ ነው፣ እንዲህ ያለ ዓይቼ አላውቅም፤ ምቱ ግን አያስተማምንም።› ይኼኛው ‹ሁለት ዓመት ታገሡት፣ ከዚያ ታዩታላችሁ› ይላል። ይኼ ደግሞ ‹ምርጫችንን በከንቱ አባከንን› ብሏል።»

«ስሙን ንገሪኝ» አለ ሙላው። «የት ነው የሚኖረው?»

«ፐርዝ።»

«ዕድለኛ ነው።»

ሰው ሳቀ፤ ወዲያው ደግሞ ሁሉም ወደ ፎቶው አየና አፉን ያዘ።

«ይኼን ስሙት» አለች ፋና። «‹ከመምታቱ በፊት ኳሱን በጣቱ አንኳኩቶ ጆሮው ላይ የሚያስጠጋው ለምንድን ነው? ጥንቆላ ነው ወይ?› ሰው ሁሉ ከሥሩ የየራሱን ጽፏል። ‹የአባቶቹ ሥርዓት ነው፣ አትንኩት› የሚልም አለ።»

«ሀብሀብ ነዋ!» አለች የሺወርቅ።

ሁሉም ዞሮ አያት። ከቀብሩ ወዲህ ድምጿ እንዲህ ወጥቶ አያውቅም።

«ኳስ መች ያንኳኳል? ሀብሀብ ነው የሚያንኳኳው። ይርጋን ነው!»

ይርጋ ዕድሜውን ሙሉ በኤስኲሊኖ ገበያ አውራጅ ነበር። በጋ ላይ የሀብሀብ መኪና ሲመጣ ሰዎቹ ከመኪናው እስከ መጋዘኑ ይሰለፉና እየተወራወሩ ያወርዱታል፤ ቤንጋሊው ለግብፁ፣ ግብፁ ለቻይናው። መኪናው ላይ የሚቆመው ይርጋ ነው። እያንዳንዱን አንስቶ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና ጆሮው ላይ አስጠግቶ ያዳምጣል። የበሰለ ከሆነ «ያዝ!» ብሎ ይለቀዋል፤ ጥሬ ከሆነ ለብቻው ያስቀምጠዋል። መኪና ሙሉ ሀብሀብ እንዲህ ሲያንኳኳ አለቃቸው ካፖው ፀጉሩን ይነጭ ነበር።

ፋና ሥራ ስትውል ሰርፀ ከአያቱ ጋር ገበያ ይውል ነበር። አንድ ቀን ማንም ሳይጠራው ሰልፉ ውስጥ ገብቶ ቆመ፤ ቁመቱ ከወገባቸው አይበልጥም። ሰዎቹ «ቪያ! ቪያ!» እያሉ ሊያባርሩት ሲሉ ይርጋ ከላይ ሆኖ ትንሿን መርጦ አንኳኳ። «በሆድህ አትቀበላት» አለው። «እጅህን ዘርጋ፣ ገና አየር ላይ ሳለች ውሰዳት። መሬት ከነካች የማንም አይደለችም። ያዝ!»

ልጁ ቀለባት። ገበያው አጨበጨበ። ከዚያ ወዲህ ሀብሀቡ እያተለቀ፣ ውርወራው እየራቀ ሄደ። ልጁ ሣጥን ላይ ተንደርድሮ ከጎልማሶቹ ራስ በላይ ሲቀልብ፣ ሸማቾች ዘንቢላቸውን መሬት አስቀምጠው ያዩት ነበር። ሜልቦርን ከሄደ በኋላ ይርጋ ማንኳኳቱን አልተወም፤ «ያዝ!» ማለቱን ግን ተወ። ዝም ብሎ ነበር የሚወረውረው። ከዓመታት በኋላ አንድ ቅዳሜ ስልኩን ይዞ ከገበያ ሮጦ መጣ። «የሺ፣ ነይ እዪ! አውስትራሊያ ውስጥ በሀብሀብ ይጫወታሉ! አገር ሙሉ ሕዝብ ስታዲየም ገብቶ የእኛን ሥራ ያያል!»

በማግስቱ ረፋዱ ላይ ሙላው ኮምፒውተሩን ከቴሌቪዥኑ ጋር ማገናኘት ጀመረ።

«ለቅሶ ቤት ቴሌቪዥን?» አሉ አቶ ገብረወልድ።

«ባለቤቱ ቢኖር ከሁላችንም ቀድሞ ይከፍተው ነበር» አለች የሺወርቅ። «ክፈተው ልጄ።»

ሜዳው ብቅ ሲል ሰው ሁሉ ወንበሩን አስጠጋ። እንደ አውድማ ክብ ነው፤ ስፋቱ ግን ዳር የለውም። በሁለቱም ጫፍ አራት አራት ቋሚ ቆሟል፣ መረብ የለው፣ አግዳሚ የለው። ሕዝቡ እስከ ሰማይ ተደርድሯል።

«ይኼ እርሻ ነው እንጂ ሜዳ ነው እንዴ?» አለ ሙላው።

ተጫዋቾቹ እየሮጡ ወጡ። «ያውና! ያውና ሰርፄ!» ተባለ። ከነዚያ ዝሆን ከሚያካክሉ ሰዎች መሐል ያ ቀጭን እግር ወዲያው ይለያል። ደጋፊዎቹ ስለ ሽመላው የጻፉት ሐሰት አልነበረም።

የሺወርቅ ግን እግሩን አላየችም። «ክንዱ ላይ ያለው ምንድን ነው?»

ጥቁር ጨርቅ ነበር፣ ከክርኑ በላይ የታሰረ። ፋና ተነሥታ ቴሌቪዥኑ ጋ ተጠጋች። «ተጎድቶብኝ ይሆን?»

«ሁሉም አስረዋል» አለ ሙላው። «ዩኒፎርማቸው ነው።»

እውነትም ሁሉም አስረዋል። ካሜራው ሰርፀን አቅርቦ አሳየ። የሚያወራው ሰውዬ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ የሺወርቅ እንግሊዝኛ አታውቅም። ከዚያ ሁሉ መሐል ግን አንዲት ቃል ዘልላ ጆሮዋ ገባች። አነጋገሩ ተጣሟል፣ ግን ይርጋ ነው ያለው።

ፋና እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ምን አለ? ፋና! ምን አለ ነው የምልሽ!»

«‹የሰርፀ አያት ይርጋ ሮም ውስጥ አርፈዋል› አለ። ‹ቡድኑ በሙሉ ጥቁር አስሮ የሚጫወተው ለእሳቸው ነው› አለ።»

ቀብሩ ላይ የነበረው ሰው አንድ አውቶቡስ አይሞላም ነበር፤ «የሰው አገር ሞት እንዲህ ነው» ብላ የሺወርቅ ራሷን አጽናንታ ነበር የተመለሰችው። አሁን ከዓለም ጫፍ፣ ስሙን እንኳ አስተካክለው መጥራት የማይችሉ ግዙፍ ግዙፍ ወንዶች፣ ለሀብሀብ አውራጁ ለይርጋ ሐዘን ለብሰው ቆመዋል።

«በስመ አብ ወወልድ» አሉ አቶ ገብረወልድ። ባርኔጣቸውን አወለቁ፤ መልሰውም አላደረጉት።

«ማን ነው የነገረው?» ፋና ዞራ ጮኸች። «ከመሐላችን ማን ነው?»

«እመብርሃንን፣ እኔ አይደለሁም!» አለ ሙላው። ሁሉም በየተራ ማለ።

«ዝም በሉ» አለች የሺወርቅ። «ልጄ ይጫወትበት።»

መጀመሪያ ላይ ኳሷ ወደ እሱ አልመጣችም። ሲሮጥ ይቀድሙታል፣ ሲገባ ይገፉታል፤ አንዱ ወገቡን ይዞ መሬት ላይ ሲያነጥፈው ጽገወይኒ «እጅህ ይቆረጥ!» አለችው። ሙላው ምላሱን እየመጠጠ ራሱን መነቅነቅ ጀመረ። ከዚያ አንዱ ከሩቅ ጠለዛት። ኳሷ ወጣች፣ ወጣች፣ ከዚያ መውረድ ጀመረች። ከሥሯ አንድ ግንድ የሚያክል ተከላካይ እጁን ዘርግቶ ቆሟል። ሰርፀ ከኋላው ተንደረደረ፤ ጉልበቱን ሰውዬው ትከሻ ላይ ጣለና ወጣ። ዘለለ አይባልም፣ ወጣ ነው የሚባለው። እዚያ ላይ ቆየ። የሚያየው ሁሉ «አሁን ይወድቃል» ሲል አልወረደም። እጁን ዘርግቶ አየር ላይ ሳለች ወሰዳት።

ቤቱ ሁሉ ቆመ። ማን መቼ እንደተነሣ ያወቀ የለም።

«ወይ ጉድ! ሰው ላይ ቆመ እኮ!» አለች ጽገወይኒ።

ሙላው አፉን ከፍቶ ቀረ። የዚያ የሁሉን ተቺ እንባ ይወርድ ጀመር።

ፊሽካ ተነፋ። እንዲህ የቀለበ ሰው ማንም ሳይነካው ይመታል አለች ፋና። ልጁ ወደ ኋላ ሄዶ ከቋሚዎቹ ትይዩ ቆመ፤ ስታዲየሙ ረጭ አለ። ኳሷን ከፍ አደረገ። በጣቱ አንጓ ኳ ኳ አደረጋት። ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ። ከንፈሩ ትንሽ ተነቃነቀ፤ ምን እንዳለ በዚያ ሁሉ ሕዝብ መሐል የሚያውቅ አልነበረም። የሺወርቅ ግን አወቀች፤ «ያዝ!» ነው ያለው።

መታ። ኳሷ ቀጥ ብላ ሄዳ ሄዳ መጨረሻ ላይ ዘመም አለችና ከመሐለኞቹ ቋሚዎች ከአንዱ በስተውጭ አለፈች። አንድ ሰውዬ አንድ ነጭ ባንዲራ አውለበለበ።

«ሳተ!» ሙላው ራሱን ያዘ። «ለጥቂት!»

«ነጥብ አግኝቷል» አለች ፋና አፍንጫዋን እየጠረገች። «በመሐል ከገባ ስድስት ነው። ለጥቂት ከሳተም አንድ ይሰጡታል።»

«ለሳተ ሰው ይሰጣሉ?» አሉ አቶ ገብረወልድ።

«ለጥቂት ከሳተ።»

ሽማግሌው «ደግ ሕዝብ ነው» አሉ።

ቡድኑ ተሸነፈ፤ ስለ መሸነፉ ግን ያነሣ የለም። ያችን አወጣጥ እየደጋገሙ ሲያወሩ ስልኩ ጮኸ። ጽገወይኒ ከልማዷ አበባውን ሻሽ ብድግ አደረገች።

«ተይው» አለች የሺወርቅ። ወንበሯን መልሳ አዞረች፤ ፎቶውም ሻማውም ከጀርባዋ ሆኑ። በጥቁሩ እንዳለች ስልኩን ከፈተች።

ሰርፀ ላቡ አልደረቀም። ጥቁሩ ጨርቅ አሁንም ክንዱ ላይ ነው። «ቻኦ ኖና።»

«ማን ነገረህ?» አለች ፋና ከትከሻዋ ላይ አጮልቃ።

«ኖና ናት።»

«እኔ?» የሺወርቅ ደረቷን መታች። «እኔ መቼ ነገርኩህ ልጄ? ሞት ይርሳኝ፣ መቼ?»

«ነጠላሽን ዘቅዝቀሽ ነበር» አለ። «ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ጥለቱ እዚህ ነበር።» አገጩን ነካ።

ሴቶቹ ሁሉ ወደ ራሳቸው አዩ። የሁሉም ጥለት ወደ ላይ ነው። ለቅሶ ቤት የሚለበሰው እንደዚያ ነውና፣ ሻሽ ሲቀይሩ ሻማ ሲሰውሩ ነጠላውን ያስተዋለ አልነበረም።

«ኖኖ ለቅሶ ይወስደኝ አልነበር?» አለ ሰርፀ። «አንድ ጊዜ ‹ሴትየዋ ነጠላዋን ለምን ገለበጠችው?› ብዬ ጮክ ብዬ ጠየቅኩ። ሰው ሁሉ ዞረ። ኖኖ እጄን ይዞ አወጣኝና ‹ነጠላ የዘቀዘቀ ሰው አይጠየቅም፣ አጠገቡ ነው የሚቀመጡለት› አለኝ። ስለዚህ አልጠየቅኩሽም። አጠገብሽ መቀመጥ ነው ያልቻልኩት።»

«እኔ እኮ ስስቅልህ...»

«አውቃለሁ ኖና። ለኔ ብለሽ ነው።» ከጀርባው የጓደኞቹ ድምፅና የውኃ ድምፅ ይሰማል። «አሎራ፣ እንግዲህ ጨዋታው አልቋል። አሁን ባለቅስ ችግር አለው?»

ልጁ ስልኩን ደረቱ ላይ ለጥፎት መሰለኝ ስክሪኑ ጨለመ።

«ተቋረጠ?» አለች ፋና።

የሺወርቅ የጨለመውን ስልክ ወደ ራሷ ሳበችው። በጣቷ አንጓ ቀስ ብላ ኳ ኳ አደረገችው፤ ከዚያ ጆሮዋ ላይ አስጠግታ አዳመጠች።